ወደ ጃማይካ ከመሄዳችን በፊት

በባዕድ ሀገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕረፍት የሚባለው ነገር ለብዙ ዘመን አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሀገር ቤት መሄድ። የዓመቱ ፈቃድ ተጠራቅሞ፣ ገንዘቡ ተቆጥቦ፣ ሻንጣው በዘመድ ጫማና በመድኃኒት ተጨናንቆ ወደ አዲስ አበባ ይበረራል። ከዚያም ለቅሶ ሲደርሱ፣ ሠርግ ሲታደሙ፣ የታመመ ሲጠይቁ ሦስቱ ሳምንት ያልቅና ይዘውት ከሄዱት ድካም የባሰ ድካም ይዞ መመለስ ይሆናል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ዘመድ መጠየቅ የሚያኮራ ዕዳ ነው። ዕዳ መክፈልና ማረፍ ግን አንድ አይደሉም።

በማውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ ልማድ ሲጀመር አያለሁ። ልጆቹ ጓደኞቻቸው የሚሄዱበትን እየሰሙ «እኛስ ባሕር የምንሄደው መቼ ነው?» ይላሉ፤ ወላጅም ካርታውን ይዘረጋል። ካሪቢያን ለዋሽንግተን ሰው ቅርብ ነው፤ ጉዞው አዲስ አበባ ለመድረስ ከሚፈጀው ሰዓት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። እኔ በዚህ ልማድ አልከፋም፤ የእኔም ቤት ዘንድሮ በዚሁ ምክር ላይ ነው። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ከእነዚያ ደሴቶች ሁሉ ጃማይካን የመረጠ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዕቅዱን እንደ ማንኛውም ቱሪስት ሊያወጣ ይችላልን? ቢችልም አይገባውም የሚል እምነት አለኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የጉዞ ወኪሎች የሚሸጡልን ጃማይካ በጣም አጭር ነው። አውሮፕላኑ ሞንቴጎ ቤይ ያርፋል፤ አውቶቡስ ይቀበልዎታል፤ በዘበኛ የሚጠበቅ በር ይከፈታል፤ በእጅዎ ላይ የቀለም አምባር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ምግቡም፣ መጠጡም፣ አሸዋውም አስቀድሞ የተከፈለበት ነው። «ኦል ኢንክሉሲቭ» ይሉታል። ሰባት ቀን ቆይቶ ትሪ ከያዘ አስተናጋጅ በቀር አንድ ጃማይካዊ ሳያነጋግሩ መመለስ ይቻላል። ባለቤቴ ይህን ዓይነቱን ትመርጣለች፤ ምክንያቷም የሚናቅ አይደለም። «አንድ ሳምንት ምን እንደምሠራ ሳላስብ ልደር» ትላለች። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ገብታ ምድጃ ፊት ለምትቆም ሴት ይህ ቅንጦት ሳይሆን መብት ነው። እኔም የምለው ሆቴሉ ይቅር አይደለም፤ ሆቴሉ ሀገሩን አይጋርደን ነው።

ያ አጥር ደግሞ ታሪክ አለው። ደሴቲቱ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣ የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ መሠረት የባሕሩ ጠርዝ በዘውዱ እጅ እንዲሆን ተደነገገ፤ ተራው ዜጋ በዳርቻው የመዋኘት ጠቅላላ መብት እንዳለው ግን ሕጉ አላወቀለትም። ጃማይካ በ1962 ነፃ ስትወጣ ሕጉ አብሮ አልወጣም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዜጎች ተደራጅተው አያቶቻቸው ዓሣ ያጠመዱባቸውን ዳርቻዎች ለማስከፈት ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ ክርክር ከተነሣባቸው አንዱ የቦብ ማርሌ ስም የተሰጠው የባሕር ዳርቻ ነው። ጎረቤት ደሴት ባርቤዶስ ግን ዳርቻው የሕዝብ ነው። ቢሾፍቱ ሄዶ ሐይቁን ለማየት በሎጅና በሪዞርት አጥር መካከል ቀዳዳ የፈለገ ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም። ልጆቻችን በዚያ አሸዋ ላይ ቤት ሲሠሩ፣ የሠፈሩ ልጅ ለምን ከአጥሩ ውጭ እንደቀረ ቢጠይቁ መልስ ሊኖረን ይገባል።

ከሞንቴጎ ቤይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ሆቴሎቹ በተሰለፉበት ጠረፍ፣ ኮራል ጋርደንስ የሚባል ስፍራ አለ። በሚያዝያ ወር 1963 በዚያ አካባቢ ደም የፈሰሰበት ግጭት ተነሣና መንግሥት በመላ ደሴቲቱ ራስታዎችን አሳደደ። በስቅለት ዓርብ ታሰሩ፣ ተደበደቡ፣ ድሬዳቸው በግድ ተላጨ። የጃማይካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። እነዚያ ሰዎች የተሰደዱበት እምነት ማዕከሉ የእኛ ሀገር ስም ነበር። የምንነጠፍበት አሸዋ ከዚህ ቦታ የመኪና መንገድ ብቻ እንደሚርቅ ሳናውቅ መመለስ ለሌላው ቱሪስት ቸልተኝነት ነው፤ ለእኛ ግን ከዚያ ይከፋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966)፣ የጃንሆይ አውሮፕላን በኪንግስተን ፓሊሳዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጠበቃቸው። ሕዝቡ የፖሊስ ገመዱን ጥሶ እስከ አውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ደረሰ። ንጉሡ ለመውረድ ተቸግረው ሳለ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ አስከፈተ። ትናንት ድሬዳቸው የተላጨባቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን ወደ መንግሥት ግብዣ ተጠሩ። ዕለቱን ዛሬም በየዓመቱ ያከብሩታል። አንድ ኢትዮጵያዊ በእግሩ በመርገጡ ብቻ የተናቀ ሕዝብ ቀና ያለባት ደሴት ከጃማይካ ሌላ አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ስለ ጃንሆይ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንኳ አንስማማም፤ አንዱ የተከፈተለትን ትምህርት ቤት ያነሣል፣ ሌላው የወሎን ረኃብ። ልጆቻችን ደግሞ ሥዕላቸውን በየግድግዳው አይተው «እግዚአብሔር ናቸው ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። የእኔ ምክር አትሳቁ፣ አትዋሹም የሚል ነው። በሰንሰለት ተጭነው የመጡ፣ ስማቸውንና ቋንቋቸውን የተነጠቁ፣ ታሪክ የላችሁም የተባሉ ሰዎች አንድ ጥቁር ንጉሥ ዘውድ ሲጭን ምን እንዳዩ ማስረዳት ይቻላል። ንጉሡ ራሳቸው ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን እንደነበሩ፣ ለደሴቲቱም ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሌላ ሃይማኖት እንዳልላኩ መንገርም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ልጅ ሁለት እውነት ለመሸከም አያንስም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን የልጆቻችን ጥያቄ አይደለም፤ የእነርሱ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆናችንን የሰማ አንድ ሽማግሌ «ሻሸመኔ እንዴት ናት?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንላለን? ንጉሡ በ1948 ከአፍሪቃ ውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት በሻሸመኔ ሰጡ። ከጃማይካ ሁሉን ሸጠው የመጡ ቤተሰቦች በዚያ ሰፈሩ። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ አብዛኛው መሬት ከእጃቸው ወጣ። የቀሩትም በዚያው ወልደው፣ ከብደው፣ ቀብረው፣ የመንግሥት መታወቂያ ይሰጣችኋል የተባሉት በ2017 ነው። እኛ የአሜሪካ ወረቀት እስኪመጣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣን የምናውቅ ሰዎች ነን። ወደ ሀገራችን «ቤታችን ነው» ብለው የመጡ ሰዎች ከእኛ የበለጠ ዘመን ወረቀት መጠበቃቸውን ግን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ይህን ሳያውቁ በዚያ አሸዋ ላይ መተኛት ይቻላል፤ እንግዳ ሆኖ መቀበል የሚገባንን ክብር ግን በሙሉ ልብ መቀበል አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ ልመለስ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

መጀመሪያ ጊዜው። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መባቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ (በአውሮፓውያኑ) ይዘልቃል፤ ክፉው ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። የልጆቹ ትልቁ ዕረፍት ከዚህ ጋር መግጠሙ ያሳዝናል። በሐምሌ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡቡን ጠረፍ ታክኮ አለፈ፤ ጥቅምት 28 ቀን 2025 ደግሞ ሜሊሳ በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ደረጃ ኃይል በደቡብ ምዕራብ በኩል መታውና ብዙ ቤት አፈረሰ። ስለዚህ የትንሣኤው ሰሞን ወይም የሰኔ መጀመሪያ ይሻላል፤ ገና ሲቃረብ ዋጋው ይወደዳል። ከመክፈል በፊት የሚሄዱበት ከተማ ምን ያህል እንዳገገመ መጠየቅ ተገቢ ነው። አደጋ ደርሷል ብሎ ጨርሶ መቅረት ግን ኑሮው በእንግዳ ለቆመ ሕዝብ ሁለተኛ አውሎ ነፋስ ነው።

ሁለተኛው ውኃው ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ጣናንም ባሕር እንላለን፣ ውቅያኖስንም ባሕር እንላለን። ጣና ግን የሚጎትት ሞገድ የለውም። ልጅ ከመሄዱ በፊት በሠፈሩ መዋኛ ገንዳ ዋና ይማር፤ ወላጅም አይፈር፣ አብሮ ይማር።

ሦስተኛው ማዕዱ ነው። ጾም የገባበት ሰው በጃማይካ እንደማይቸገር ስናገር ብዙዎች ይገረማሉ። ራስታዎች «አይታል» የሚሉት ምግብ ሥጋ የለውም፤ በኮኮናት ወተት የበሰለ አትክልት፣ ጥራጥሬና ሥራሥር ነው። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ደግሞ ጎመናችንን ያስታውሳል። ቡናም እዚያ ይጠብቀናል፤ ከእኛ ጫካ የወጣችው ተክል በ1728 ጃማይካ ደርሳ በብሉ ማውንቴን ተራሮች ስም አውጥታለች።

አራተኛው የቀኖቹ ክፍፍል ነው። ሰባት ቀን ካለን አራቱ የባሕር ይሁኑ፤ አልቀንስም። አንዱን ቀን የሀገሩን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይዘን ወደ ሴንት አን አውራጃ እንሂድ። እዚያ በ1887 ማርከስ ጋርቬይ የተወለደባት ሴንት አንስ ቤይ አለች፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ቦብ ማርሌ ያረፈባት ናይን ማይል። አንዱን እሑድ ለኪንግስተን እንስጥ። በዚያ በ1970 የተመሠረተች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ንጉሡ የላኳቸው፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ብዙ ጃማይካውያንን አጥምቀዋል። ቦብ ማርሌም ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ፣ በ1981 በሥርዓቷ ተቀበረ። የቀረው አንድ ቀን ለምንም አይመደብ፤ ዕቅድ የሌለው ቀን የሌለበት ዕቅድ ዕረፍት አይባልም።

ይህን ክፍፍል በቤቴ ሳቀርብ ልጆቹ አራቱን ቀን ቆጥረው ተስማሙ፤ ባለቤቴም ሾፌር መኖሩን ስታረጋግጥ ፈቀደች። አብራን የምትኖረው እናቴ ግን እስከዚያ ድረስ «ሂዱ እናንተ፣ ልጆቼ፤ እኔ ባሕር ምን ይሠራልኛል?» ስትል ነበር። የኪንግስተኑን ነገር ስሰማት ስታዳምጥ ቆየችና «ቅዳሴው በምን ቋንቋ ነው?» አለች። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግዕዝ እንደሚሰማበት ነገርኳት። «እንግዲያው ነጠላዬን ከሻንጣው ላይ በኩል አድርጉልኝ» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ማንም ሰው በዕረፍቱ ላይ ትምህርት ቤት እንዲከፍት አልመክርም። ባሕሩ ባሕር ነው፣ ፀሐይዋም ፀሐይ፤ ልንደሰትባቸው ይገባል። ነገር ግን በዓለም ላይ ኢትዮጵያዊ ነኝ ሲሉ ፊቱ የሚበራ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። ከእነዚያ ጥቂቶች ወደ አንዱ ቤት በፈቃዳችን፣ ገንዘብ ከፍለን ስንሄድ፣ ከሰባቱ ቀን ሁለቱን ከአጥሩ ወጥተን «እንደምን አላችሁ» ማለት ከባድ ወጪ አይመስለኝም።