የሙያ ኮሌጅ መግቢያ ነጥብና የነጋዴው ድርሻ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተገለጸ በኋላ፣ ጥቂት ቆየት ብሎ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለመግባት የሚያበቃው ዝቅተኛ ነጥብ በየዓመቱ ይወጣል። ይህን ማስታወቂያ ወላጆችና ተማሪዎች በጉጉት ሲያነቡት፣ የንግዱ ማኅበረሰብ ግን ጉዳዩን ለትምህርት ሰዎች ትቶ ያልፈዋል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር፣ በዚያች ቁጥር የሚወሰነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአስመጪውን ማሽን የሚተክለው፣ የላኪውን መጋዘን መብራት የሚዘረጋውና የባለሱቁን ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ሰው ማን እንደሚሆን ነው። ስለዚህ የመግቢያው ነጥብ እንዴት እንደሚሠራ መረዳትና ጉድለቱ እንዲታረም መጠየቅ፣ ለነጋዴ እንደ ቀረጥና እንደ ውጭ ምንዛሪ ሁሉ የገዛ ሥራው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከተፈታኞቹ መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ። ከሃምሳ በታች ሆነው ወደዚያ ከቀረቡት ብዙዎቹ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ማለት ሪሚዲያል በሚባለው፣ ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ለተቀሩት፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚያስገባውን ነጥብ ያስታውቃል። ይህም ነጥብ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አመልካቹ ኮሌጁንና የሙያውን ዓይነት መርጦ ይመዘገባል፤ ለአንድ ሙያ ያመለከቱት ከቦታው በበለጡ ጊዜም ቅድሚያ የሚያገኘው ነጥቡ የበለጠው ነው። ሥልጠናውን የፈጸመ ሰው ሕዝቡ ሲኦሲ እያለ የሚጠራውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ፣ የደረጃውን ማረጋገጫ ይይዛል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ትልቅ መልካም ነገር አለ፤ እርሱም ነጥብ ዘመድ የማያውቅ መሆኑ ነው። የሰንዳፋ ገበሬ ልጅና የአዲስ አበባ ባለጸጋ ልጅ በአንድ ወረቀት ይፈተናሉ፤ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። የኮሌጅ ቦታ በትውውቅና በእጅ መንሻ ቢታደል ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲጠና የኖረ ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ ነጥቡ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር ምክሩ የሚጠቅም አይሆንም።

ነገር ግን ይኸው ነጥብ ዘመድ እንደማያውቅ ሁሉ ሙያም አያውቅም። ፈተናው የተዘጋጀው ማን ለዩኒቨርሲቲ እንደሚበቃ ለመለየት ነው። እጁ ለብየዳ የተመቸውን፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚለየውን፣ የኤሌክትሪክ ንድፍ አይቶ ቶሎ የሚገባውን ወጣት ለይቶ ለማውጣት የተሠራ አይደለም። ስለዚህ የሙያ ኮሌጅ የሚቀበለው ለሙያው የተመረጠውን ሳይሆን ከሌላው ደጅ የተመለሰውን ሆኗል። ወጣቱም ይህን ስለሚያውቅ ገና ከመግባቱ አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

ይህ አስተሳሰብ ሥሩ የቆየ ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሥራው ሲሰደብ የኖረ ሲሆን፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከዚያም በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ፣ በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈቱ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡት ወጣቶች በየፋብሪካው፣ በየባንኩና በየንግድ ቤቱ ተፈላጊ ነበሩ፤ ወደ እነርሱ መግባትም የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲሠራበት ግን የ10ኛ ክፍል ፈተና እንደ ወንፊት ሆነ፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ሙያ እንዲሄድ ተደረገ። ይህ ወንፊት በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ሲቀር፣ ሥራው ወደ 12ኛ ክፍል ተዛወረ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም።

ቁጥሮቹም ይህን ያስረዳሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ቢልም፣ ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ከመሥመሩ በታች መቅረቱ አልተለወጠም። ከመቶ ዘጠና የሚሆኑ የአንድ አገር ወጣቶች ሁሉ ሰነፎች ሊሆኑ አይችሉም። ከእነዚህ መካከል እጅግ ጎበዝ ባለሙያ ሊወጣው የሚችል ብዙ ነው፤ የጎደለው እርሱን የሚለይ ሚዛን ነው።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዘው ማየት ይጠቅማል። ህንድ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ንግድ ያላት አገር ስትሆን፣ ከእርስዋ የሚመጣውን ማሽንና መለዋወጫ የማያውቅ አስመጪ የለም። በዚያ አገር የመንግሥት ፖሊቴክኒክ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ የሚጀመረው 10ኛ ክፍል ሲፈጸም ነው። አገባቡን የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ እንደ ኡታር ፕራዴሽና አንድራ ፕራዴሽ ያሉት ለፖሊቴክኒክ ብቻ የተዘጋጀ የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ፤ እንደ ማሃራሽትራ ያሉት ደግሞ በ10ኛ ክፍል ውጤት ይመድባሉ። በማሃራሽትራ አመልካቾች ሁሉ በነጥባቸው ተራ ተሰልፈው መጀመሪያ ጊዜያዊ ዝርዝር ይወጣል፤ አቤቱታ ያለው አቤት ካለ በኋላ የመጨረሻው ዝርዝር ይገለጻል። ከዚያም ተማሪው የሚፈልጋቸውን ኮሌጆችና ሙያዎች በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል፤ ቦታውም በተራው መሠረት በዙር በዙር ይታደላል። በአንደኛው ዙር ያልተያዘ ቦታ በሁለተኛው ለሚከተለው ይሰጣል። በታሪክ ለተገፉ ወገኖች በሕግ የተጠበቀ ድርሻ አለ። ከዚህም ሌላ በዝቅተኛው የሙያ ማሠልጠኛ ተምሮ የመጣ ወጣት በቀጥታ ወደ ዲፕሎማው ሁለተኛ ዓመት እንዲገባ በር ተከፍቶለታል።

የህንድም አሠራር የራሱ ችግር አለበት፤ ሁለት ነገሮች ግን ሊወሰዱ ይገባል። አንደኛው ተማሪው ወደ ፖሊቴክኒክ የሚሄደው አስቦና ተወዳድሮ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተራው በግልጽ ስለሚወጣ፣ ማን ለምን እንደገባና ማን ለምን እንደቀረ ሁሉም ማየቱ ነው። በአገራችን ግን የዩኒቨርሲቲው ተስፋ እስኪቆረጥ ድረስ ስለ ሙያ የሚያስብ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ምርጫው በጥቂት የምዝገባ ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ጓደኛ የገባበትን በመከተል ይፈጸማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው፣ በጥድፊያ የተመረጠ ሙያ ሥልጠናው ሳያልቅ ይተዋል፤ ወይም ዲፕሎማው ተይዞ ሥራው ይጠላል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ከየትም ይልቅ በግልጽ የሚታየው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንዳፋ የእህልና የወተት አገር ናት፤ የወተት ማቀዝቀዣው፣ የእህል ወፍጮውና በመንገዱ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሁሉ የሚጠግን እጅ ይፈልጋሉ። ሱሉልታ የወተትና የታሸገ ውሃ ማምረቻዎች አሏት። ሰበታ የቢራና የሌሎች ፋብሪካዎች ከተማ ስትሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻም በእርስዋ ነው። ከወደቡ የሚመጣው ማሽን እዚያው አጠገባቸው እየወረደ፣ የሚተክለውና የሚያድሰው ሰው ግን እንደ ማሽኑ ቶሎ አይገኝም። አንድ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር በተበላሸ ጊዜ ባለሙያ እስኪገኝ የሚደፋውን ወተት፣ ወይም አንድ ወፍጮ ቆሞ በዋለ ቀን የሚቀረውን ገቢ የሚያሰላ ነጋዴ፣ የመግቢያው ነጥብ ጉዳይ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ መኖሩን ይረዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከመንግሥት ወገን የሚጠበቁት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አጠቃላዩ ነጥብ እንደ ዘበኛ በሩን ይጠብቅ፤ በውስጡ ግን ለእያንዳንዱ ሙያ የሚቀርበው የትምህርት ዓይነት የበለጠ ክብደት ይሰጠው፤ ለኤሌክትሪክና ለማሽን ሥራ ሒሳብና ፊዚክስ፣ ለምግብ ዝግጅትና ለላቦራቶሪ ኬሚስትሪ ይታይ። ሁለተኛ፣ ኮሌጁ የተቀባዮቹን ተራ ከነነጥባቸው በየሙያው ለይቶ በግልጽ ይለጥፍ፤ አቤት ለሚልም ቀን ይስጥ። ሦስተኛ፣ የሙያው ምርጫ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ተማሪው ገና ተስፋው ሳይሰበር ይጀመር።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ከነጥብ ሌላ መለኪያ ከተጨመረ አድልዎ ይገባል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። መልሱ ግን የሚጨመረው መለኪያ በሰው ፊት ቃለ መጠይቅ ሳይሆን፣ በዚያው ፈተና ውስጥ ያለ የትምህርት ዓይነት ውጤት መሆኑ ነው። ዝርዝሩ ከተለጠፈ ደግሞ ያልተገባ ስም የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም።

የነጋዴው ድርሻ ከዚህ ያነሰ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 ድርጅቶች ከኮሌጆች ጋር በትብብር የሚያሠለጥኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ የሥልጠናውም ዓላማ ሰባው በመቶ በተግባር፣ ሠላሳው በንድፈ ሐሳብ እንዲሰጥ ነው። ይህ ሰባ በመቶ ከነጋዴው ጋራዥ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ውጭ የትም ሊሞላ አይችልም። ብዙ ባለድርጅት ግን ሠልጣኝ ሲላክበት ዕቃ ይሰብርብኛል፣ ሠራተኛዬን ያዘናጋብኛል በማለት ይመልሰዋል፤ ወይም ተቀብሎት ሲያበቃ መጥረጊያ ያስይዘዋል። ይህንኑ ያደረገ ሰው በማግሥቱ አገሩ ባለሙያ የለውም ብሎ ቢያማርር የሚሰማው አይገባውም። በሰንዳፋም ሆነ በሰበታ በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ሠልጣኞችን ተቀብሎ በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚያሳትፍ፣ መልካም የሆነውንም ቀጥሮ የሚያስቀር ነጋዴ፣ ፈተና ሊያገኘው ያልቻለውን ባለሙያ በገዛ ዓይኑ መርጦ ያገኛል። የንግድ ምክር ቤቶችም በየከተማው የሚፈለገውን ሙያ በየዓመቱ ዘርዝረው ለኮሌጆች ቢያሳውቁ፣ ኮሌጁ የሚከፍተው ክፍል ከገበያው ጋር ይገናኛል።

የደመወዙንም ነገር ማለፍ አይገባም። ወጣቱ ሙያን የሚያከብረው ባለሙያ ሲከበር አይቶ ነው። የብቃት ማረጋገጫ የያዘውን ማሽነኛ ከተራ የቀን ሠራተኛ በማይለይ ደመወዝ የሚቀጥር ነጋዴ፣ ልጆቻችን ለምን ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ካልገባን ይላሉ ብሎ ሊገረም አይችልም። የመግቢያውን ነጥብ የሚያወጣው መንግሥት ቢሆንም የሙያን ዋጋ የሚያወጣው ገበያ ነው፤ በገበያውም ላይ ዋናው ሰው ነጋዴው ነው። የሰንዳፋ ወፍጮና የሱሉልታ ማቀዝቀዣ በቂ ጠጋኝ የሚያገኙት፣ መንግሥት ሚዛኑን ለሙያው አስተካክሎ፣ ነጋዴውም በሩን ከፍቶ ተገቢውን ዋጋ ሲከፍል ነው።