የማርሽ ዘንግ ሲንቀጫቀጭ ተጠያቂው ማን ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ እምድብር ስጓዝ የተሳፈርሁባት ያንድ ዘመዴ አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ወሊሶን እንዳለፈች የማርሽ ዘንጓ እንደ ጸናጽል ያቃጭል ጀመር። ፍጥነቷ ሲጨምር ድምፁ ይበረታል፤ ዘመዴ እጁን በዘንጉ ላይ ሲያሳርፍ ጸጥ ይላል፤ እጁን ሲያነሣ እንደ ገና ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ ሰውየው አንድ እጁን በመሪው፣ ሌላውን በማርሹ ላይ አድርጎ ወልቂጤ እስክንገባ ድረስ ነዳ። ዘንጉ ያረጀ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመኝም ነበር። ዳሩ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ተብሎ የተገዛ፣ መጨበጫው የሚያብረቀርቅ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተሸጠ ዕቃ ነበር።

ስለ አንዲት መኪና ማርሽ መንቀጥቀጥ በንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ የጋራዥ ወሬ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ነገሩ ከጋራዡ ይልቅ የሱቁና የአስመጪው ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የማምንበትንም ምክንያት ለማስረዳት በመጀመሪያ ዘንጉ ለምን እንደሚጮኽ መናገር ግድ ይሆንብኛል።

ሞተር ሲሠራ ዘወትር ይንቀጠቀጣል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ዞረ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያቀጣጥልም በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። ይህ ምት ከሞተሩ ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮውም በማርሹ ዘንግ በኩል ወደ ነጂው እጅ ይወጣል። የመኪናው ፋብሪካ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ በዘንጉ ሥር ባለችው እንክብል ዙሪያና በታችኛው ጫፍ ላይ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ቡሾችን አስገብቶ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ያደርጋል። ሁለት ብረቶች በመካከላቸው የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ሲኖር በሰከንድ መቶ ጊዜ ይጋጫሉ። ነጂው የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

ከመጀመሪያው ፋብሪካ ውጭ የሚሠራው ዘንግ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ በዚህ ላይ ነው። ብረቱ ደኅና ይሆናል፤ እንዲያውም ካንዳንዱ የፋብሪካ ዘንግ ይልቅ ወፍራምና ያማረ ይሆናል። ነገር ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ጎማው ይቀርና በምትኩ ብረት ይገባል፤ ወይም ጎማው ቢኖርም ልኩ አይገጥምም። ከዚህ በላይ ደግሞ ለወጣቶች ተብሎ አጠር ያለ ዘንግና ከባድ የብረት መጨበጫ የሚያመጡ አሉ። ዘንጉ ሲያጥር ማርሹ ቶሎ ይገባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ዘንጎች እጅ የማርሹን አገባብ አጥርቶ እንዲሰማው ታስበው በብረት ቡሽ ስለሚገጠሙ ንዝረቱንም ሳይቀንሱ ያስተላልፋሉ። ለእሽቅድድም የተሠራ ዕቃ በቆጮና በባሕር ዛፍ ጭነት ላይ ሲውል የሚሆነው ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉትን ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች የነዳ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። የላዳ ማርሽ ዘንግ ከላይ ያለው ክፍል ከታችኛው ጋር የሚያያዘው በትንንሽ የጎማና የፕላስቲክ ቡሾች ነበር። እነዚያ ቡሾች ሲያልቁ ዘንጉ በነጂው እጅ ውስጥ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ባለታክሲው በዚህ ጊዜ ዘንጉን በሙሉ አይለውጥም ነበር፤ ቡሹን ብቻ ገዝቶ ይቀይር ነበር፤ ምክንያቱም ቡሹ ለብቻው ይሸጥ ስለ ነበር ነው። ወደ ኋላ የምመለስበት ነገር ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ያስብልኝ።

ወልቂጤ ስንደርስ ወደ አንድ ጋራዥ ገባን። ባለሙያው በዕድሜ የገፋ፣ ነገሩን በችኮላ የማያይ ሰው ነበር። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። ቀጥሎም መጨበጫውን ይዞ አዞረና ከሥሩ ያለውን ዳዶ አጠበቀ፤ ብዙ ሰው አዲስ መጨበጫ ሲያስገባ ይህን ዳዶ ማጥበቅ ይረሳልና። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ረገጠ። ዘመዴ ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሼ፣ ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ?» ቢለው ባለሙያው ሲመልስ «ልጄ፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ድምፁ ከጠፋ ሕመሙ ከውስጥ ከካምቢዮው ነው፤ ኩሽኔታው ወይም ጥርሱ ነው። ብትረግጥም ባትረግጥም ያው ከሆነ ከላይ ከዘንጉ ነው። የኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለው። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ዘንጉ በሰፊው የሚወዛወዝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሞተሩን ሱፖርቶ ጎሚኒ ያይ እንደ ነበር ነገረን፤ የተቀደደ ጎሚኒ ሞተሩን ሁሉ ስለሚያናውጥ የማርሽ ዘንግ ቢለወጥ ባይለወጥ ለውጥ የለውምና።

ቀጥሎ የጎማውን ሽፋን ገለጠ፤ የዘንጉን ክዳን ወደ ታች ተጭኖ አዞረና ዘንጉን ብድግ አድርጎ አወጣው። በታችኛው ጫፍ ላይ ሊኖር የሚገባው የፕላስቲክ ቡሽ ጭራሽ አልነበረም። አዲሱ ዘንግ ያለ ቡሽ ተሽጦ፣ ያለ ቡሽ ተገጥሞ ሦስት ሳምንት ሠርቷል። ዘመዴ አሮጌውን ዘንግ ከወንበሩ ሥር አስቀምጦት ነበርና አውጥቶ ሰጠው፤ የዚያ ቡሽ ግማሹ ተበልቶ አልቋል እንጂ ብረቱ እንከን የለበትም። እንግዲህ ይህ ሰው የጣለው ደኅና ዘንግ ነው፤ ያጣው አንዲት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቡሽ ነው።

በወልቂጤ ወደ ሦስት ሱቆች ሄድን። በሦስቱም ሱቆች ሙሉ የማርሽ ዘንግ በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባንዱም ሱቅ ቡሹ ለብቻው አልተገኘም። ሦስተኛው ባለሱቅ ቅን ሰው ስለ ነበር «ወንድሜ፣ አስመጪው እሱን አያመጣልንም፤ ትርፉ ትንሽ ነው ይላል» ብሎ ነገረን። በመጨረሻ ባለሙያው ከተፈታች አንዲት መኪና ላይ ያገለገለ ቡሽ ፈልጎ፣ በአሮጌው ዘንግ ላይ አግብቶ፣ ግራሶ ቀብቶ አስገባው። ድምፁም ቆመ።

ቡሽ ሲጠፋ የአገራችን ሾፌር ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከለመዳሪ ቆርጦ ይጠቀልልበታል። ለብልሃቱ ክብር ይገባዋል፤ እኔም ራሴ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የከለመዳሪ ጎማ ዘይትና ግራሶ ሲነካው ያብጣል፤ ይላላል፤ በካምቢዮው ሙቀትም ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እየተፈረፈረ ያልቃል። ፍርፋሪውም ወደ ካምቢዮው ከወረደ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቶርኖ ቤት የሚያስቀርጹት የነሐስ ቡሽ ይበረክታል፤ ክፍተቱንም ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ ንዝረቱን ያስተላልፋል። ናይሎን በሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ ለጭነት መኪና ሾፌር የትኛው እንደሚሻለው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ባለሱቁ ሊሆን ይገባል ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን የድምፅ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያቃልለው ካለ ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ የጊቤን ቁልቁለት ያስብ። በዚያ ቁልቁለት የተጫነ መኪና ወደ ታችኛው ማርሽ ተመልሶ በሞተሩ እየተያዘ ካልወረደ ፍሬኑ ግሎ ኃይሉን ያጣል። ሥሩ የላላ ዘንግ ማርሹን አስተካክሎ አያስገባም፤ አልፎ አልፎም የገባ መስሎ ሳይገባ ይቀራል። የሚንቀጫቀጨው ዘንግ ነጂውን ለብዙ ጊዜ ሲያስጠነቅቀው ይቆያል፤ ነጂው ግን ጆሮው ለምዶታል። በዚያ መኪና ላይ የሰው ነፍስ አለ፤ የላኪው ቡና አለ፤ በሌላው መንገድም ከቡታጅራ የሚነሣው የማረቆ በርበሬ አለ። ስለዚህ ላኪዎች ይህ የአስመጪዎች ጉዳይ ነው ብለው ፊታቸውን እንዳያዞሩ እለምናለሁ።

ጊዜውም እንደ ዱሮው አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጧል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና እንዲህ ያለ ካምቢዮና የማርሽ ዘንግ የለውም፤ ቡሽም አይጠይቅም። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ ያሉት ሂሉክሶች፣ ሚኒባሶችና ኢሱዙዎች ባንድ ቀን የሚጠፉ አይደሉም፤ ምትካቸው እንደ ልብ ስለማይገኝም ባለቤቶቻቸው ከዱሮው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያቆዩአቸው ይገደዳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ማናቸውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወድዷል። በዚህ ጊዜ ለማይጠቅም ሙሉ ዘንግ የውጭ ምንዛሪ ከፍሎ፣ ጠቃሚዋን ቡሽ ትቶ መምጣት ንግድ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ባለሱቆች የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ገዢው ርካሽ ይፈልጋል፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ከቃሉ ግማሹ እውነት ነው። ርካሽ ዕቃ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ከቸሃ ወጥተው በመርካቶ ሱቅ የከፈቱት አባቶቻችንም ለሀብታም ብቻ አልሸጡም። ነውሩ ከሌላ ፋብሪካ የወጣውን «ኦሪጅናል» ብሎ፣ ያገለገለውንም አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዘመዴ ግን ሊከራከር አልቻለም፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ማርሽ 1» የሚል ብቻ ነበርና። እሱም ቢሆን ጥፋት አለበት፤ ሲገዛ ሣጥኑን ከፍቶ አላየም፤ አሮጌውን ይዞ ሄዶም አላስተያየም።

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በሶማሌ ተራም ሆነ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚሸጥ ባለሱቅ የማርሽ ዘንግ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የመኪናውን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር ይጠይቅ፤ ከዚያም «ዘንጉ ተሰብሯል ወይስ ይንኳኳል?» ይበል። የሚንኳኳ ከሆነ ቡሹን ይሽጥ። በደረሰኙም ላይ ዕቃው የመጀመሪያው ፋብሪካ፣ የሌላ ፋብሪካ ወይም ያገለገለ መሆኑን በጥቂት ቃላት ይጻፍ። የቡሽ ትርፉ ትንሽ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ ዘንግ ከብረት ስለ ተሠራ ረጅም ዘመን ይቆያል፤ ቡሽ ግን ያልቃል፤ የሚያልቀውን የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል። የላዳ ዘመን ባለሱቆች ይህን ያውቁ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወርደው መኪና ብዛቱን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቡሽ ታዝዞ በባሕር መጥቶ ወልቂጤ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ለመስከረም የሚሆነውን ዕቃ አሁን የሚያዝዙ አስመጪዎች ከዘንጉ ጋር አንዳንድ ካርቶን ቡሽና የሱፖርቶ ጎሚኒ ቢጨምሩበት፣ በወልቂጤ ያ ሦስተኛው ባለሱቅ እንደሚገዛቸው እኔ ምስክር ነኝ፤ አድራሻውን ለሚጠይቀኝ አስመጪ ቤቱ ድረስ ወስጄ አሳየዋለሁ።