ቦሊቪያን የዘለለ ክርክር

«የነባር ሕዝቦች ንቅናቄ ባህል ከመጠበቅ አልፎ ሥርዓት አይለውጥም» ሲል የታተመው አስተያየት ቦሊቪያን ዘሏታል።

በጥቅምት 2003 እ.ኤ.አ. ከላፓስ አጠገብ ባለችው የኤል አልቶ ከተማ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ አይማራዎች፣ የአገራቸው ጋዝ በርካሽ እንዳይሸጥ ወደ መንግሥቱ መቀመጫ ላፓስ የሚያስገቡትን መንገዶች በድንጋይ ክምር ዘጉ። ከተማዋ ነዳጅ አጣች። መንግሥት ቦቴዎችን በወታደር አጅቦ ለማስገባት ሲሞክር ጥይት ዘነበ፤ በጋዙ ግጭት በጠቅላላ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሳንቼዝ ዴ ሎዛዳ ግን ሥልጣን ለቀው አገር ጥለው ወጡ።

ይህ ባህል ጥበቃ ነው? አይማራው ኤቮ ሞራሌስ በ2005 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ2006 ጋዙ በመንግሥት እጅ ገባ፤ የ2009 ሕገ መንግሥት 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ከስፓኒሽ ጎን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ።

«መሪያቸው ሲሾም ንቅናቄው ይሞታል» የሚለውም አያስኬድም። በ2011 ቲፕኒስ የተባለው የነባር ሕዝቦች የደን ግዛት ነዋሪዎች ደናቸውን ሊሰነጥቅ የነበረውን አውራ ጎዳና በመቃወም በእግራቸው ላፓስ ገብተው ሞራሌስን የክልከላ ሕግ አስፈረሙ። ሕጉ በ2017 ሲሻርም ዝም አላሉም።