የሚፈራው ማን ነው? ፍቅርና ፍርሃት በአማርኛ ልቦለድ

የፍቅር ልቦለድና የአስፈሪ ልቦለድ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። አንደኛው ልብን ለማለስለስ፣ ሁለተኛው ልብን ለማራድ የተጻፈ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ አንባቢዎቻቸውም የተለያዩ ይመስላሉ። የታሪካቸው አጽም ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ሌላዋን ይከተላል፣ በሯ ላይ ይቆማል፣ እምቢ ብትለውም አይመለስም። ይህ ድርጊት በሚከተለው ሰው ዓይን ሲተረክ የፍቅር ታሪክ ይባላል፤ በምትሸሸው ዓይን ሲተረክ የፍርሃት ታሪክ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ከዚህ ይነሣል፦ የቅርብ ጊዜ የፍቅርና የአስፈሪ ልቦለዶች ሊመዘኑ የሚገባው በምን ያህል አስለቀሱ ወይም በምን ያህል አስደነገጡ ሳይሆን፣ የፈራውን ሰው ዓይን በምን ያህል ታማኝነት ለአንባቢ አዋሱ በሚለው ነው።

ሁለቱ ዘውጎች በትውልዳቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ያሳተመው «የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት» የጎቲክ ልቦለድ መነሻ ተብሎ ይጠቀሳል። በዚያ መጽሐፍ ሴራውን የሚያንቀሳቅሰው መንፈስ ብቻ አይደለም፤ በግድ ሊፈጸም የታሰበ ጋብቻም ነው። ልጁ በሠርጉ ቀን የሞተበት መስፍን የሟቹን እጮኛ ራሱ ሊያገባ ይነሣል፤ እርሷም በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት በጨለማ ትሸሻለች። የአስፈሪ ልቦለድ ታሪክ የተከፈተው እንግዲህ እምቢ ባለች ሴት ሽሽት ነው።

ይህን ለመረዳት ለቡ የሚኖር አንባቢ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አያሻውም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መንገደኞች የሚሳፈሩበት ጣቢያ፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ አጥራቸው ከፍ ያለ ቪላዎችና ግንባታቸው ያላለቀ ቤቶች ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው። እንዲህ ባለ አዲስ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። አመሻሽ ላይ ከታክሲ ወርዳ ባልተጠናቀቀ ሕንፃ ሥር የምታልፍ አንዲት አንባቢ ከኋላዋ የሚከተላትን ኮቴ የምትሰማበት ጆሮ አላት፤ በቦርሳዋ ያለው የፍቅር ልቦለድ ደግሞ ስለዚያው ኮቴ የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ አለው። ልቦለዱ «ጽናት» ይለዋል፤ እርሷ ግን እርምጃዋን ታፈጥናለች።

አማርኛ ራሱ ይህን ቅርበት ያውቀዋል። «ለከፈ» የሚለው ግስ ሦስት ነገሮችን በአንድ ሥር አስሯል። መንፈስ ሰውን ሲይዝ «ለከፈው» ይባላል፤ በመንገድ ላይ ሴትን ማስቸገር «ለከፋ» ነው፤ መላ የሌለው ፍቅርም «ልክፍት» ይባላል። ጋኔን፣ የመንገድ ላይ ትንኮሳና የፍቅር መያዝ በቋንቋው አንድ ቤት ሲያድሩ፣ ልቦለዱ ሁለቱን ደብቆ አንዱን ብቻ ማሳየቱ የቋንቋውን እውቀት ማጉደል ነው።

የቀደሙት ደራስያን ይህን አልደበቁም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትና የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ተብሎ የሚጠቀሰው «ልብ ወለድ ታሪክ» ባለ ታሪኳን ጦቢያን ወደ መንገድ የሚያወጣት የወንድ ልብስ አልብሶ ነው። ፍቅር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፍቅሩ በፊት ግን መንገዱ ለሴት ልጅ አስተማማኝ እንዳልሆነ አንባቢ ከልብሷ ያነብባል። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብርም» በፍርሃት ይከፈታል። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ ስለሞቱባት «ገፊ» ተብላ የምትፈራ ሴት ናት። የበዛብህ ሕይወት በስለት የታሰረ ነው፤ የሰብለ ወንጌል ወጣትነትም በአባቷ የዘር ኩራት የተቆለፈ ነው። አንባቢ በሁለቱ ፍቅር የሚያለቅሰው ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ደራሲው አስቀድሞ በዝርዝር ስላሳየው ነው። ቁልፉ ባይታይ ኖሮ በሩ መከፈቱ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ጉዳዩን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አመጣው። አቤል ፍቅሩን ለመናገር የሚፈራ ተማሪ ነው፤ ልቦለዱም የዚህን ፍርሃት ጭንቀት በትዕግሥት ይከታተላል። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የተወደደው ወንድ ልጅም ሊፈራ እንደሚችል ስላሳየ ይመስላል። ሆኖም ክብደቱ በአፍቃሪው ላይ እንደወደቀ ነው። የምትፈቀረው ልጅ በዝምታ የሚመለከታትን ዓይን እንዴት እንደምትቀበለው የሚጠይቅ አንባቢ ከመጽሐፉ ውጭ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ይኖርበታል። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ብዙ የፍቅር ልቦለዶች ከ«ሰመመን» የወረሱት ጭንቀቱን እንጂ ያልተጠየቀውን ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄው ከሥነ ጽሑፍ ጣዕም ያለፈ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ያድርገው እንጂ፣ የተጠለፈችው በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በሌላ አነጋገር ሕጉ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያነብበው ነበር፤ መደምደሚያው ሠርግ ከሆነ መነሻው እንደ ፍቅር ይቆጠራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ንባብ ሰረዘ። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን በመጥለፍ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይፈረዳል፤ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። በ2006 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ከዚህ ለውጥ በፊት የሆነን እውነተኛ ታሪክ መነሻ አድርጎ፣ ጠለፋን ከተጠለፈችው ልጅ ወገን ቆሞ አሳይቷል። ሕጉ ዓይኑን ቀይሯል፤ ፊልሙም ቀይሯል። መጨረሻው ሠርግ በመሆኑ ብቻ መነሻው የሚታጠብለት የፍቅር ልቦለድ ግን እስካሁን በ1949ኙ ሕግ የሚተዳደር ይመስላል።

በቅርቡ በሰፊው ከተነበቡ የውጭ ልቦለዶች ሁለቱ ለንጽጽር ይጠቅማሉ። ኮሊን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» አንባቢን በሊሊ ዓይን ከአንድ ሐኪም ጋር ፍቅር ያሲዘውና፣ በዚያው ዓይን የሐኪሙን እጅ እንዲፈራ ያደርገዋል። የአጻጻፉ ጥድፊያ ያስታውቃል፤ ንግግሮቹም አንዳንድ ጊዜ ይሳሳሉ። ይሁን እንጂ «ለምን ትታው አትሄድም?» የሚለውን የጎረቤት ጥያቄ ከንቱ የሚያደርገው አንባቢው ራሱ ወድዶት ስለነበረ ነው፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሲልቪያ ሞሬኖ-ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችው «ሜክሲካን ጎቲክ» ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ያገባች የአጎቷን ልጅ ልትጠይቅ የሄደች ወጣት በተራራ ላይ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ በማዕድን የከበረ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሙሽሮችን እንዴት እንደሚውጥ ታያለች። መጨረሻው ላይ ምሥጢሩ በጣም ይብራራል፤ ማብራሪያው ፍርሃቱን ያቀልለዋል። ቢሆንም ጋብቻ ራሱ አስፈሪ ቤት ሊሆን እንደሚችል ያለ ስብከት ያሳያል። ከሁለቱ ልቦለዶች አንዱ ከፍቅር፣ ሌላው ከፍርሃት ተነሥተው በአንድ በር ላይ ይገናኛሉ።

ለአማርኛ አስፈሪ ልቦለድ የሚሆን ሀብት ሩቅ አይደለም። ቡዳ፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ፣ ሾተላይ፣ በክታብ የተያዘ ጠልሰም ሁሉም ከትዳርና ከወሊድ፣ ከቤትና ከጉርብትና ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የተመለከተውን የዛር ሥርዓት በ1958 ባሳተመው ጥናቱ ከቲያትር ጋር አነጻጽሮታል፤ ዮአን ሉዊስ ደግሞ በሶማሌዎች ዘንድ ያጠናውን ዛር ሴቶች በወንዶች ላይ የሚያሰሙት የተሸፈነ አቤቱታ ነው ሲል ተከራክሯል። በራሷ አፍ ብትናገረው የሚያስቀጣትን በዛሩ አፍ የምትናገር ሴት ከዚህ የበለጠ የልቦለድ ተራኪ ከየት ይገኝላታል? ከሌላ አገር የሚመጣ ደም መጣጭ ይህን ያህል አይናገርም።

ሆኖም ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የአማርኛ አንባቢን ያስደመሙት ልብ ሰቃይ ልቦለዶች በአመዛኙ ፍርሃትን ከቤት አርቀው ወስደዋል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ምሥጢርን፣ ሳይንስንና ገዳማትን አጣምሮ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ መልሷል፤ ከ«እመጓ» የሚጀምሩት የዓለማየሁ ዋሴ መጻሕፍትም አንባቢን ወደ ጥንታዊ ገዳማትና ወደ ብራና ጽሑፎች ዓለም መርተዋል። ንባብን ማስፋፋታቸው ቀላል ውለታ አይደለም። ፍርሃታቸው ግን የእንቆቅልሽ አገልጋይ ነው፤ እንቆቅልሹ ሲፈታ ፍርሃቱም ይሰናበታል። መኝታ ቤት ውስጥ፣ በደረጃ ላይ፣ በአጥር በር ላይ ያለው ፍርሃት ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ለዚህ አቋም የሚቀርብ ብርቱ መከራከሪያ አለ። የፍቅር ልቦለድ አንባቢ ቀኑን ሙሉ ስትደክም ውላ ጣፋጭ ነገር ብትፈልግ መብቷ ነው፤ ለምን ሌላ ጭንቀት ይጨመርባታል? ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናት አሜሪካውያን የፍቅር ልቦለድ አንባቢዎች ንባብን ከቤት ሥራና ከቤተሰብ ጥሪ ለአፍታ የሚያርፉበት ጥላ አድርገው እንደሚይዙት አሳይታለች። እነዚህ አንባቢዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ጨካኝ ወንድ ያለበትን መጽሐፍ ከመልካሙ ለይተው ያውቁ ነበር። የራድዌይ ጥናት መከራከሪያውን ከማጽናት ይልቅ የሚመልሰውም በዚህ ነው። አንባቢዋ የምትፈልገው ፍርሃት የሌለበትን ዓለም ሳይሆን ፍርሃቷ የታወቀበትንና የታከመበትን ዓለም ነው። ፍርሃቷን እንደ ፍቅር ምልክት የሚተረጉምላት ልቦለድ አያሳርፋትም፤ ያባብላታል እንጂ።

የድኅረ ምረቃ ጥናትም ከዚህ ድርሻ አለው። የፍቅር ልቦለድን «ተራ» ብሎ መተው፣ አስፈሪውንም «የውጭ ቅጂ» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው የሚያነብበውን ጽሑፍ ያለ ሂስ መተው ነው። ተመራማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀላል ፈተና ሊሰጣቸው ይችላል፦ አንድን የመከተል ወይም የደጅ ጥናት ትዕይንት ወስዶ፣ ተራኪውን ለውጦ እንደገና ማንበብ። ትዕይንቱ በሌላኛው ሰው አፍ ሲነገርም ፍቅር ሆኖ ከቀጠለ ልቦለዱ እውነተኛ ፍቅር ጽፏል። ወደ አስፈሪ ታሪክ ከተለወጠ ደግሞ ደራሲው ሳያውቀው አስፈሪ ልቦለድ ጽፏል ማለት ነው፤ የቀረው ለፈራችው ሰው የተራኪነቱን ቦታ መስጠት ብቻ ነው።