«ይሰራል፣ አታስብ» የምትባል ውሸት

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። በዚህች አገር የኤሌክትሮኒክ ድራም ገበያን የምታበላሸው አንዲት ቃል ናት፦ «ይሰራል»። ዶላሩም ጉምሩኩም የራሳቸው ኃጢአት አለባቸው (ወደ ዶላሩ እመለስበታለሁ)፣ ግን እንደዚህች ቃል ድራመር ያከሰረ የለም። ስኔር ፓድ ልትገዙ ትገባላችሁ፣ «ይሄ ከኔ ሞጁል ጋር ይሄዳል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ሻጩ የሞጁላችሁን ስም እንኳ ሳይጠይቅ «ይሰራል፣ አታስብ ወንድሜ» ይላችኋል። ጎበዝ፣ አስቡ! የሚሸጥላችሁ ሰው «አታስብ» ካለ በተለይ አስቡ።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኤሌክትሮኒክ ድራም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የምትመታው ፓድ፣ ሁለተኛው ምቱን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሳጥን፣ ማለትም ሞጁሉ ነው። ፓዱ ራሱ ድምፅ የለውም። በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ፒዞ ስትንቀጠቀጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያቺ ኤሌክትሪክ በኬብል ወደ ሞጁሉ ትሄዳለች፤ ሞጁሉም «ተመታሁ፣ ይህን ያህል ተመታሁ» ብሎ ስኔሩን ያሰማል። ስለዚህ ፓድና ሞጁል እንደ ባልና ሚስት ናቸው። ቋንቋ ካልተግባቡ ጎረቤት የሚሰማው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ጉደር ላይ ሆኖ መሳሳት ውድ ነው

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚገዛ ሰው ስህተት ማለት የታክሲ ሂሳብ ነው። ዛሬ የገዛውን ነገ ይዞ ሄዶ ተጨቃጭቆ ይቀይራል። አሁን ደግሞ ጉደር ያለ የሠርግ ባንድ አስቡ። ጉደር ከአምቦ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አራት አምስት ልጆች ከየሠርጉ የተረፋቸውን ዕቁብ ጥለው፣ አንዱን መርካቶ ልከው ስኔር ፓድ ያስገዛሉ። ልጁ ማታ ይመጣል፤ ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ ፓዱ ሲሰካ መሃሉ ይጮሃል፣ ጠርዙ ዝም። ምን ይደረግ? ሌላ ቀን፣ ሌላ የትራንስፖርት፣ ሌላ የምሳ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል።

ሀጫሉ ሁንዴሳን ባፈራ አካባቢ፣ ለሙዚቃ ልቡን የሰጠ ወጣት በሞላበት አገር፣ የአንድ ባንድ የወራት ቁጠባ በአንዲት «ይሰራል» መቅለጡ ቀልድ አይደለም።

ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይከፋል

ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ቢዋሽ ኖሮ ቶሎ እንነቃበት ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የስኔር ፓድ መሃል (ቆዳው በሉት) በአብዛኛው ፒዞ ስለሆነ የትኛውም ሞጁል ላይ ሲሰካ ድምፅ መስጠቱ አይቀርም። ሻጩ መሃሉን በስቲክ ሁለቴ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ስኔር ይሰማል፣ «አየህ!» ይላል። አየን! ያላየነው ጠርዙን ነው።

ጠርዙ ላይ ነው ኩባንያዎቹ የሚለያዩት። የሮላንድ የተሻሉ ስኔር ፓዶች አብዛኛውን ጊዜ ለመሃል አንድ ፒዞ፣ ለጠርዝ ሌላ ፒዞ አላቸው። ያማሃ ደግሞ በብዛት መሃሉን በፒዞ፣ ጠርዙን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ባለ መገናኛ ነው የሚሠራው። ሮላንድ ራሱም ትንንሾቹ የጎማ ፓዶቹ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ የተጠቀመበት ጊዜ አለ። ጠርዙ ፒዞ የሆነ ፓድ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ የሚጠብቅ ሞጁል ላይ ሲሰካ መሃሉ ይሰማል፣ ጠርዙ ግን ወይ ይሞታል ወይ ባልተመታበት ይጮሃል። ስለዚህ «ሁለት ዞን ነው» የሚለው የካርቶን ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጥያቄው «ጠርዙ ፒዞ ነው ወይስ ማብሪያ ማጥፊያ? የኔ ሞጁል የስኔር ቀዳዳስ የቱን ይቀበላል?» ነው። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ዓይኑን የሚያፈጥ ሻጭ ድራም ሳይሆን ካርቶን ነው የሚሸጠው።

ኬብሉም አለ። ሁለት ዞን ያለው ፓድ ስቴሪዮ ጃክ ይፈልጋል። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ማለት ነው። አንዱ መስመር ለመሃል፣ አንዱ ለጠርዝ፣ አንዱ ለመሬት። የጊታር ኬብል አንድ ቀለበት ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ከሰካችሁ የጠርዙ መስመር ከመሬቱ ጋር ይገናኝና ጠርዙ ይጠፋል። ፓዱ ደህና ሆኖ በኬብል ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ገዢው ማን ይሆን? ያው የሸጠው ነጋዴ!

መረብ አምላኪዎች

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰፈር። ነጋዴውን ብቻ መስደብ ይቀላል። እኛስ? ፓድ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ምንድን ነው? ስሙን። ቀጥሎ መረብ መሆኑን። ቀጥሎ ስፋቱን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

መረቡ ጥሩ ነገር ነው፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1981 የእንግሊዙ ሲመንስ ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዶቹን ሲያወጣ ወለሉ ደረቅ ስለነበር ድራመሮች የእጅ አንጓቸውን አመማቸው። ሮላንድ በ1997 የመረብ ቆዳ ይዞ ሲመጣ እጅ ዐረፈ፣ ስቲኩ እንደ እውነተኛ ድራም ነጠረ። ግን መረብ ለእጅ ነው፤ ሞጁሉ መረብ ይሁን ጎማ አያውቅም። ሞጁሉ የሚያውቀው በጃኩ የሚመጣለትን ብቻ ነው።

ስምም እንደዚያው ነው። ለጉደር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ጉደር የሚባለው ወይን ጠጅ የሚሞላው አዲስ አበባ፣ አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አይደለም እንዴ? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ፣ ውስጡ ከየት እንደመጣ ሌላ። ፓድም ላይ የተጻፈው ስም የማን ልጅ እንደሆነ እንጂ ከማን ጋር እንደሚስማማ አይነግርህም። ያውም በአንድ ስም ውስጥ እንኳ መጣላት አለ። ሮላንድ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዲጂታል ስኔር የሚሰካው በዩኤስቢ ኬብል ነው። ለዚያ የተሠራ ወደብ የሌለው የቆየ የሮላንድ ሞጁል ላይ፣ የአንድ አባት ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የሚሰካበት እንኳ የለም። የዓለም ውዱን ስኔር ገዝቶ እንደ ትሪ ግድግዳ ላይ መስቀል ማለት ይሄ ነው።

«ጠርዝ ምን ያደርግልናል?»

የሚገርመኝ ተከራካሪ ደግሞ ይሄኛው ነው። «መሃሉ ከሰራ ይበቃል፤ ጠርዝ ለፈረንጅ ነው» የሚል። ወንድሜ፣ ሬጌ በጠርዝ ካልተመታ ምኑ ሬጌ ነው? ትዝታ ሲዘፈን፣ ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ስቲኩን አጋድሞ ጠርዙን ቀስ ብሎ ጠቅ የሚያደርግ ድራመር ከሌለ ሙሉ ስኔር ዘፋኙ ጆሮ ላይ ይፈነዳል። ችክችካውም በ6/8 ሲፈስ ደማቁንና ፈዛዛውን ምት ካልለየ ችክ ብሎ ይቀራል።

ደግሞስ የማን ለፈረንጅ? የኛ ከበሮ እኮ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፊት ነው። ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አንድ ፊቱ የማይጮህ ከበሮ ለመዘምራን ሰጥታችሁ «ይበቃችኋል» በሏቸው እስቲ። ለከበሮ የማንፈቅደውን ለድራም ለምን እንፈቅዳለን?

የሚፈናቀለው ሰው

ነገሩን ከዕቃ ጨዋታ በላይ የሚያደርገው ይሄ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ሙዚቃን አሽመደመደው፤ ትልልቆቹ ባንዶች ሳሱ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኪቦርድና ድራም ማሽን ቦታውን ያዙ። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቁልፍ፤ ሪትሙ በራሱ ይሄዳል። ዋን ማን ባንድ ርካሽ ነበርና አሸነፈ። የተሸነፈው ድራመሩ ነው።

ዛሬ ድራመር መልሶ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ድምፁን መቆጣጠር የሚያስችለው ኤሌክትሮኒክ ድራም ትልቅ ዕድል ነው። ግን ፓዱ ባልተመታ የሚጮህ፣ ሲመታ የማይሰማ ከሆነ የሠርጉ ባለቤት ምን ይላል? «ልጆች፣ ተዉት፤ ኪቦርዱ ይምታው» ይላል። በሚቀጥለው ሠርግ ድራመሩ አይጠራም። የማይስማማ ፓድ የሚበላው ብር ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው።

ዶላርና ዘመድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የ100 ዶላር ፓድ ከ5,700 ብር ተነስቶ ከ10,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ያውም ትራንስፖርቱ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይቆጠር። ድሮ መሳሳት ያናድድ ነበር፤ አሁን ያደኸያል።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ስሙን። ፍቅራችሁን እናውቃለን። ግን «ስኔር ላክልኝ» ሲባል ቅናሽ ላይ ያገኛችሁትን አትላኩ። የሞጁሉን ሙሉ ስምና ቁጥር ጠይቁ፣ የጀርባውን ፎቶ አስልኩ። ሞጁል የምትልኩ ከሆነም አስማሚውን አገላብጣችሁ አንብቡ፤ እዚህ መብራቱ 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ አስማሚ ጉደር ደርሶ የሚሰጠው የመጀመሪያም የመጨረሻም ድምፅ «ጧ!» ነው።

«ታዲያ ከበሮና ድቤ አይበቃንም?»

ይበቃል የሚሉ አሉ። መብራት ሲጠፋ ከበሮ አይጠፋም፣ እውነት ነው፤ በዚህ ክርክር እጄን እሰጣለሁ። ድቤው ይኑር፣ ይደግ፤ ኤሌክትሮኒኩ ሊተካው አልመጣም። ግን ባንዱ ድራም ልግዛ ብሎ ከወሰነ «ባትገዛ ይሻልህ ነበር» ማለት ምክር አይደለም፤ ምክሩ በትክክል ግዛ ነው።

እናማ በትክክል ለመግዛት፦ ሞጁሉን ተሸክማችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ የመመሪያውን የፓድ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ በስቴሪዮ ኬብል ሰክታችሁ አራት ነገር ሞክሩ፦ መሃሉን፣ መሃልና ጠርዙን በአንድ ላይ፣ ጠርዙን ስቲክ አጋድሞ፣ ከዚያ በጣም ቀስ ያለ ሮል። ሞጁሉ ላይ የፓዱን ዓይነት ሳትመርጡ አትፍረዱ። መነሻ ገደቡ በጣም ዝቅ ካለ የስፒከሩ ንዝረት ራሱ ስኔር ይመታል፤ በጣም ከፍ ካለ ቀስ ያለው ምት ይዋጣል። ቶም ሲመታ ስኔሩ አብሮ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ንዝረቱ በብረቱ በኩል እየተጋባ ነውና እሱም ማስተካከያ አለው።

ብር ያጠራችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አላችሁ። የቆየ ባለ 14 ኢንች ስኔር ካለ፣ የመረብ ቆዳ፣ ሁለት ፒዞ፣ ስፖንጅና አንድ ስቴሪዮ ጃክ ይበቁታል። በዓለም ዙሪያ ድራመሮች በቤታቸው የሚሠሩት ነው። ሬዲዮ የሚጠግን ጎበዝ ልጅ በየከተማው አለ፤ ሽቦውን እሱ ይበይደዋል። መሃሉም ጠርዙም ፒዞ ስለሚሆን፣ ሞጁላችሁ ያንን የሚቀበል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ (ይህን ደጋግሜ ባሰለቻችሁም ግድ የለኝም)።

ለነጋዴዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል። «አላውቅም፣ ሰክተን እንሞክረው» ማለት አያሳፍርም። እንዲያውም እንዲህ የሚል አንድ ሱቅ ቢገኝ ከጉደር እስከ ነቀምቴ ያለ ድራመር ሁሉ ደንበኛው ይሆናል። እስከዚያው «ይሰራል» ላለን ሁሉ መልሳችን አንድ ይሁን፦ እዚሁ፣ አሁን፣ ጠርዙን መትተህ አሰማን።

ቸር ያሰማን።