«ላስተምራት ነው ያመጣኋት»

በሰፈራችን ሁልጊዜ የማልፍበት አንድ ግቢ አለ። ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ አንዲት ልጅ ከበሩ ፊት ምንጣፍ ስትፈትግ አያታለሁ። አንድ የሐምሌ ጠዋት ጣቶቿ ከብርዱ የተነሳ በርበሬ መስለው አየሁና ቆም አልኩ። «ትማሪያለሽ?» አልኳት። መጀመሪያ ወደ ግቢው ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ «ማታ» አለችኝ። ወዲያው የቤቱ እመቤት ብቅ አሉ። «የእኅቴ ልጅ ናት፤ ላስተምራት ነው ያመጣኋት» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የጽድቅ ሥራ ነው» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። የማታው ትምህርት ቤት ከቤቴ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎቹ ሲገቡና ሲወጡ በመስኮቴ አያለሁ። ያቺን ልጅ ደብተር ይዛ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

«የጽድቅ ሥራ ነው» ያልኩትን ባስታወስኩ ቁጥር ሁለት ልጆች ፊቴ ይደቀናሉ። አንዷ ለንደን ውስጥ፣ ሌላዋ አሜሪካ የሞቱ ናቸው። ሁለቱም ከአገራቸው የወጡት የተሻለ ሕይወት ያገኛሉ ተብሎ ነው። ሁለቱንም የገደላቸው ደግሞ ብርድና ረሃብ ነው።

የመጀመሪያዋ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ትባላለች፤ የአይቮሪ ኮስት ልጅ ናት። የአባቷ አክስት «አውሮፓ ወስጄ ላስተምራት» ሲሉ ወላጆቿ በደስታ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1999 ለንደን የገባችው በሌላ ልጅ ፓስፖርት ነበርና የከተማዋ ቢሮዎች ሁሉ «አና» ብለው መዘገቧት። አሥር ወር ያህል ቆይታ በፌብሩዋሪ 2000 ሞተች። ስምንት ዓመቷ ነበር። በሰውነቷ ላይ 128 የጉዳት ምልክት ተቆጠረ። በመጨረሻዎቹ ወራት የምታድረው በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ሆና፣ መታጠቢያ ገንዳ ላይ ተጋድማ ነበር።

የቪክቶሪያን ታሪክ የሚያከብደው ሳትታይ የቀረች ልጅ አለመሆኗ ነው። የአራት ክፍለ ከተሞች የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ያውቋታል። ሁለት ሆስፒታሎች ተኝታ ታክማለች። ፖሊስም ጉዳዩ ደርሶት ነበር። በአንደኛው ሆስፒታል ቁስሏ «እከክ ነው» ተባለ፤ በኋላ ደግሞ እከኩ ይጋባብናል በሚል ፍርሃት የቤት ጉብኝት ተሰረዘ። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ በሰባት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ልጅቷን ያየቻት አራት ጊዜ ሲሆን፣ ሁሉም ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የሚናገሩት አክስቲቱ ነበሩ። ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጦ፣ በምትችለው በፈረንሳይኛ «እንዴት ነሽ?» ብሎ በወጉ ያነጋገራት አልነበረም።

ነገሩን የመረመሩት ሎርድ ላሚንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሪፖርት፣ ቪክቶሪያን ማትረፍ የሚቻልባቸው ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች እንደነበሩ አስፍረዋል። የወቀሳቸውን ክብደት ያሳረፉት ግን በታችኛዋ ሠራተኛ ላይ አይደለም። ልምድ ሳይኖራት ከአቅሟ በላይ ፋይል ያሸከሟትን፣ ከዚያ «እኔ አልሰማሁም» ያሉትን አለቆች ነው አጥብቀው የጠየቁት። እኛ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚባረረው ዘበኛው ነውና፣ ይህቺን ልብ ማለት ደግ ነው።

ሁለተኛዋ የእኛዋ ሐና ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ተወሰደች። ከሲያትል በስተሰሜን ባለች ሴድሮ ዉሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ገባች። ልጆቹ የሚማሩት እቤት ነው። ስለዚህ ሐና እየከሳች ስትሄድ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል አስተማሪ አልነበራትም። ምግብ ትከለከል ነበር፤ ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባት ነበር፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። በሜይ 2011 አንድ ብርዳማ ሌሊት ደጅ ለሰዓታት ቆይታ ሞተች።

አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረደባቸው፤ ሴትዮዋ 37 ዓመት፣ ሰውየው 28 ዓመት ገደማ። ከሐና ጋር ከኢትዮጵያ የተወሰደ መስማት የተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ መሰከረ። ከሲያትል ኢትዮጵያውያን በየጊዜው እየተመላለሱ ችሎቱ ላይ ተቀመጡ። በሕይወት ሳለች አንዳቸውም አያውቋትም ነበር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከባዱን ክስ ለማስፈረድ ልጅቷ ከ16 ዓመት በታች መሆኗ መረጋገጥ ነበረበት። የልደቷ ነገር ደግሞ አከራካሪ ሆነ። አስከሬኗ ከተቀበረበት ወጥቶ ዕድሜዋ ከአጥንቷና ከጥርሷ ተመረመረ፤ ያም ሆኖ ቁርጡ አልታወቀም። አገሯ ስትወለድ በወጉ አልመዘገበቻትምና፣ ልጅ እንደነበረች ማስረዳት የተፈለገው ከመቃብር በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለች። ብዙዎቻችን «እሰይ» አልን። ነገር ግን የተዘጋው የቦሌው በር ነው። የአውቶቡስ ተራው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት፣ ወይም ደላላ እጅ ገብታ ወደ ሰው ቤት የምትመጣ ልጅ ስንት ናት? የመጣችበትን ቀን የሚጽፍ መዝገብ የለም። ከሦስት ወር በኋላ «ደርሳለች? በልታለች? ተመዝግባለች?» ብሎ የሚያንኳኳ የለም። የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ጉዲፈቻው ሊፈርስ ይችላል ይላል። ያቺ ምንጣፍ የምትፈትገው ልጅ ግን ጉዲፈቻ አይደለችም፤ ሠራተኛም አይደለችም፤ «የእኅቴ ልጅ» ናት። ሕጉ በየትኛው አንቀጽ ያግኛት?

የጥንቱ ጉዲፈቻ እኮ አደባባይ ነበር። ልጁ ሲሰጥ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቃል ይገባል። ያን የሰማ ሁሉ ጠያቂ ይሆናል። እኛ የልግስናውን ስም አስቀርተን ምስክሩን ጣልነው። በምስክሩ ቦታ «ገበና» የሚባል አጥር አጠርን። የሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ የሚል ጨዋነት አለን፤ ቁንጥጫው ወደ እሳት፣ ጥፊው ወደ ሽቦ ሲሸጋገር እንኳ ድምፁን የምንሰማው በግድግዳ በኩል ነው።

ሊደረግ የሚገባው ነገር የተራቀቀ አይደለም። ከወላጁ ተለይቶ ሰው ቤት የሚገባ ልጅ ሁሉ በወረዳው ይመዝገብ። ትምህርት ቤት ያልታየ ልጅ ስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። ጠያቂው ደግሞ ሳሎን ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ሳይሆን፣ ልጁን ለብቻው፣ በሚገባው ቋንቋ የሚያናግር ይሁን። ለዚያ ሠራተኛ የሚሸከመው ያህል ፋይል ብቻ ይሰጠው። የቪክቶሪያ ሞት ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ በር ማንኳኳት ብቻውን ልጅ አያተርፍም።

ይህን ሁሉ በልቤ ሳብሰለስል ከርሜ ባለፈው ሳምንት ወደ ወረዳው ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቁጭ አድርጋ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ስለ ምንጣፉ ነገርኳት፣ ስለ ማታው ትምህርት ቤት፣ ስለ እመቤቲቱ ፈገግታ። ፎርም አወጣች፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«እሺ ጋሼ፣ የልጅቷ ስም ማን ይባላል?» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በበሯ አልፌያለሁ። ስሟን አላውቅም።