እብጠት ሁሉ ጠላት አይደለም፦ «የሚያጠፋ መርፌ» ከመጠየቃችሁ በፊት



«ዶክተር፣ እብጠቱን ቶሎ የሚያጠፋልኝ መርፌ የለም?» ብጉንጅ የወጣበት፣ እሾህ የወጋው፣ ጥርሱ ሥር ያበጠበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሐኪም ጋ ሳይደርሱ ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ገዝተው ለልጃቸው የሚሰጡ ወላጆችም አሉ። እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል። ግን እብጠት ቀነሰ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም። በእኔ እምነት፣ ምክንያቱ ያልታወቀን እብጠት በእነዚህ መድኃኒቶች ማጥፋት፣ ቤት ሲቃጠል «እሳት!» ብሎ የሚጮኸውን ሰው አፍ እንደ ማፈን ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ቆዳችን ሥር የሚካሄደውን እንይ።

እሾህ እግራችሁን ወጋ፣ ጀርምም አብሮ ገባ እንበል። በቦታው ያሉ ጠባቂ ሴሎች ወዲያው የጥሪ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው የሚቀላውና የሚሞቀው ለዚህ ነው። ግድግዳቸው ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራል፤ የሚያብጠውም ለዚህ ነው።

ነጭ የደም ሴሎች ግን ከደሙ ጋር በፍጥነት እየነጎዱ ነው። ታዲያ የት እንደሚወርዱ በምን ያውቃሉ? በተጎዳው ቦታ ያለው የደም ሥር ግድግዳ የሚይዛቸው ነገር ያወጣል። «ወራጅ አለ!» ሲባል ታክሲ ቀዝቀዝ ብሎ ዳር እንደሚይዘው፣ ሴሎቹም ግድግዳው ላይ እየተንከባለሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ቀጥሎ አጥብቀው ይለጠፋሉ። ከዚያ ቅርጻቸውን ለውጠው በጠባብ ክፍተት ሾልከው ይወጡና የኬሚካሉን ዱካ ተከትለው ጀርሙ ጋ ይደርሳሉ።

ኒውትሮፊል የሚባሉት በሰዓታት ውስጥ ቀድመው ይደርሳሉ። ሞኖሳይት የሚባሉት በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ተከትለው ጽዳቱንና ጥገናውን ያግዛሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው በዚህ ውጊያ የሞቱ ኒውትሮፊሎችና ጀርሞች፣ እንዲሁም የተጎዳ ሥጋ ፍርስራሽ ነው።

ይህ ጉዞ ቢቋረጥስ? በጣም አልፎ አልፎ፣ ነጭ የደም ሴሎቻቸው ከደም ሥር መውጣት የማይችሉ ሕፃናት ይወለዳሉ። ደማቸው ሲመረመር የነጭ የደም ሴላቸው ቁጥር እጅግ ከፍተኛ ነው። ቁስላቸው ግን መግል አይቋጥርም፣ ቶሎ አይድንም፤ እትብታቸውም ይዘገያል። ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል፤ ከባዱ ዓይነት ካልታከመ ሕይወት ይቀጥፋል። ሠራዊቱ ሞልቷል፤ ግን ከመኪናው መውረድ አልቻለም።

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን በተወሰነ ደረጃ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ሴሎቹ ግድግዳው ላይ በደንብ እንዳይለጠፉ ያግዳሉ። በዚህም የተነሳ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው በደም ምርመራ ነጭ የደም ሴሉ ጨምሮ ሊታይ ይችላል፤ ለቁስሉ የሚደርስለት ግን አንሷል። ስለዚህ ለምርመራ ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩ።

«ታዲያ መድኃኒቶቹ መጥፎ ናቸው?» በፍጹም! ከባድ አስም ሲነሳ፣ ወይም ነጭ የደም ሴሎች የገዛ አካላችንን ሲያጠቁ ሕይወት ያድናሉ። ሐኪም አዞላችሁ የምትወስዱ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የምቃወመው ምክንያቱ ሳይታወቅ በራስ ፈቃድ መውሰድን ነው።

«ልጄ እያለቀሰ እጄን አጣጥፌ ልይ?» አትዩ። ይህንን አድርጉ፦

• ብጉንጅን አትጭመቁ፣ በመርፌም አትውጉ። በማያቃጥል ሙቅ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ያዙበት።
• ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ስጡ።
• የሕፃን እትብት ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡ። ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይወድቃል፤ 3 ሳምንት ካለፈው አሳዩት።

በዚያው ቀን ወደ ሕክምና የምትሄዱት፦

• ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ከቁስሉ ቀይ መስመር ከወጣ
• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ
• እብጠቱ ፊት ላይ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ
• የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም ከሸተተ
• ታማሚው ስኳር ካለበት
• ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው

መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ለደቂቃ እንኳ አትቆዩ።

እብጠት ያስፈራል፣ ያማልም። ግን «እንዴት ላጥፋው?» ከማለታችን በፊት «ምን አመጣው?» ብለን እንጠይቅ። ምክንያቱ ከታከመ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሄዳል።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።